አምስተኛው ልዑክ

ስለ አንድ አጥቢያ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «እሑድ ስንት ሰው ያስቀድሳል?» የሚለው ነው። ቅጥሩ ሞልቶ ሰው እስከ በሩ ከቆመ አጥቢያው ጠንካራ ነው ይባላል፤ ዐውደ ምሕረቱ ሳስቶ ከታየ ደግሞ ደካማ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአጥቢያውን አገልግሎትና ዕቃ የሚከታተሉትን ቄሰ ገበዙን ብትጠይቋቸው ግን የሚያስጨንቃቸው ቁጥር ሌላ ነው፤ አምስት። ልዑካን የሚባሉት ቀዳሾች፣ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ ካልተሟሉ ቅዳሴ አይገባም። ሺህ ምእመን ደጅ ቢቆምም አይገባም። አምስቱ ከተገኙ ደግሞ ያስቀደሱት ሁለት ባልቴቶች ብቻ ቢሆኑም ቅዳሴው ሙሉ ነው።

ትልልቅ ደብሮች ይህ ጭንቀት የለባቸውም። እነሱ ጋ ሰባት፣ ከዚያም በላይ ሆነው ይቀድሳሉ፤ ተራ የሚጠብቀው ቀዳሽ ብዙ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ወይም በገጠር በሚገኝ ትንሽ አጥቢያ ግን ካህናቱ ሦስት ወይም አራት ናቸው፤ አንዱ አርጅተዋል፣ አንዱ አርሰው የሚያድሩ ናቸው። ዲያቆናቱ ተማሪዎች ናቸው። ሳምንቱ በሙሉ የሚዞረው እነዚህን ሰዎች በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ቦታ፣ ጾመኛ አድርጎ በማግኘት ላይ ነው።

የአምስቱ ሥራ የተከፋፈለ ነው። ገባሬ ሠናዩ ካህን ይመራሉ፣ ይባርካሉ፣ ወንጌል ያነባሉ። ንፍቁ ካህን ይረዷቸዋል፤ የሐዋርያት ሥራን የሚያነቡትም እሳቸው ናቸው። ዋናው ዲያቆን ሕዝቡን «ተንሥኡ» እያለ ያነሣል፣ ከጳውሎስ መልእክታት ያነባል፣ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደውን የዕለቱን ምስባክ በዜማ ይሰብካል። ንፍቁ ዲያቆን ከያዕቆብ፣ ከጴጥሮስ፣ ከዮሐንስ ወይም ከይሁዳ መልእክት የዕለቱን ያነባል። አምስተኛው መብራት ይይዛል፣ ቃጭል ይመታል፣ የጎደለውን ያቀብላል። ከውጭ ሲታይ የሱ ሥራ ቀላሉ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚይዘውም ገና አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት ያልዘለለ ልጅ ነው። የሚጎድለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ለምን እንደሚጎድል ለመረዳት ሰሞንን ማወቅ ያስፈልጋል። አገልጋዮቹ በሳምንት ተከፍለው ተራ ይገባሉ፤ ተራው የደረሰው ሰሞነኛ ይባላል። ሰሞነኛው ኪዳን (የጠዋቱን ጸሎት) ያደርሳል፣ ያጥናል፣ ይቀድሳል፣ በሳምንቱ ውስጥ ለክርስትናም ለፍትሐትም ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። እንደ ደንቡ ሰሞን ላይ ያለ ሰው ከመንደሩ ርቆ አይሄድም፣ ለቅዳሴው ዋዜማ ደግሞ እዚያው ቅጥሩ ውስጥ ያድራል። በቂ ሰው ባለበት ይህ በወር አንዴ የሚመጣ ሸክም ነው። ሦስት ዲያቆን ብቻ ባለበት ግን ሦስቱም ዓመቱን በሙሉ ሰሞነኛ ናቸው፤ ተራ የሚባል ነገር የለም። ልጆቹ በዚህ መንገድ ይታክታሉ። መጀመሪያ አርፍደው ይመጣሉ፣ ቀጥሎ አንድ እሑድ ይቀራሉ፣ ከዚያ ጭራሹን ይጠፋሉ። የሃይማኖት መላላት ነው ብለው የሚቆጡ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ድካም ነው፤ ዕረፍት ያልተሰጠው ልጅ ዕረፍቱን ራሱ ይወስዳል።

ከቁጥሩ ሌላ የጾሙ ሰዓት አለ። ለሥጋ ወደሙ የሚቀርብ ሰው 18 ሰዓት መጾም አለበት፤ ቀዳሹም እንደዚሁ። እሑድ ጠዋት በ3 ሰዓት የሚቆረብ ከሆነ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ እህል ውሃ የለም ማለት ነው። ልጆቹ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ሲጫወቱ ውለው ውሃ የጎነጩ እንደሆነ ነገሩ እዚያው አበቃ። ሌሊት የነሰረው፣ እጁን ቢላ ቆርጦት የደማ፣ በአፉ ዝንብ የገባበትም አይቀድስም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቄሰ ገበዝ አምስት ሰው ይዘው አይተኙም፤ ስድስተኛ ይይዛሉ። ዐርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት እያንዳንዱን «ትቀድሳለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። «እመጣለሁ» የሚለውን መልስ አይቀበሉም፤ «ቅዳሜ እዚህ ታድራለህ?» ብለው ይደግማሉ። ቤቱ ያደረ ልጅ ሊቀር ይችላል፣ ቅጥሩ ውስጥ ያደረ ግን አይቀርም። ለማደሪያ የሚሆን ንጹሕ ፍራሽና ብርድ ልብስ በዕቃ ቤት ማስቀመጥ ከብዙ ምክር ይሻላል።

የጎደለ ዲያቆን ከአጎራባች አጥቢያ ይዋሳሉ። ይህ የተለመደ ነው፤ የሚበላሸው ግን ሁለቱም አጥቢያዎች በዚያው ቀን ወርኃዊ በዓል ካላቸው ነው። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ነው፤ የአካባቢው አጥቢያዎች ታቦታት የተለያዩ ከሆኑ መዋዋሱ ይሠራል። ሁለት የማርያም አጥቢያ ተጎራብተው ከሆነ ግን በ21 እርስ በርስ መረዳዳት አይችሉም፣ ቀድሞ ከሦስተኛ ቦታ መነጋገር ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ማታ ዋናው ሥራ ያለው ቤተ ልሔም ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ የምትገኝ ትንሽ ቤት ናት፤ ከአገልጋዮቹ በቀር የሚገባባት የለም፣ ምእመኑም በአጠገቧ ሲያልፍ ድምፁን ይቀንሳል። ኅብስቱ የሚዘጋጀው ከንጹሕ የስንዴ ዱቄት ነው። ስንዴው ተለቅሞ፣ ከእንክርዳድና ከጠጠር ተለይቶ፣ ለብቻው ተፈጭቶ ይቀመጣል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ብዙ ዱቄት በአንድ ጊዜ አስፈጭቶ ማከማቸት ነው። በክረምት እርጥበት ይይዘዋል፣ በበጋ ነቀዝ ይገባበታል፤ በሁለቱም መንገድ ተመልሶ የሚደፋ ነው። ስንዴውን በእህልነቱ አስቀምጦ ለወር የሚበቃውን ብቻ ማስፈጨት ይሻላል። ዱቄቱ የሚቀመጥበት ዕቃ ክዳኑ የሚገጥም መሆን አለበት፤ ከረጢት ውስጥ ያለ ዱቄት የዕጣኑንም የጧፉንም ሽታ ይስባል።

ሊጡ እርሾ ገብቶበት ይቦካል። ቆላ ባለ አገር በቶሎ ኩፍ ይላል፤ ደጋ ላይ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ያልታሰበበት ሊጥ ሌሊቱን ሙሉ ቢቀመጥ እንደ ድንጋይ ከብዶ ያድራል። ለዚህ መድኃኒቱ እርሾ መጨመር አይደለም፤ ቀደም ብሎ ማቡካትና ዕቃውን ከምድጃው አጠገብ፣ ሙቀት ብቻ በሚደርስበት ቦታ ማሳደር ነው። እርሾ የበዛበት ኅብስት ሲጋገር ፊቱ ይሰነጠቃል። መሥዋዕት የሚሆነው ነውር የሌለበት መሆን ስላለበት፣ የተሰነጠቀ ወይም ያረረ አይቀርብም። እሳቱም እንደዚሁ ነው፤ ጀማሪ ዲያቆን ለመቸኮል እንጨቱን ያበዛዋል፣ ውጭው ይጠቁርና ውስጡ ሊጥ ይሆናል። ረጋ ያለ ፍም ነው የሚፈለገው። ከአንድ በላይ መጋገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ካህኑ ቀርበው ሲያዩ የሚመርጡት እንዲኖራቸው። ትናንት የተጋገረ ለዛሬ አይሆንም፣ ስለዚህ «የተረፈውን እናስቀምጥ» የሚባል ነገር እዚህ የለም።

ወይኑ የሚወጣው ከዘቢብ ነው። ዘቢቡ እንጨቱና አቧራው ተለቅሞ ይታጠባል፣ በንጹሕ ውሃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል፣ ይጣራል። ዘቢብ ሲቆይ ይደርቃል፤ የደረቀው ደግሞ ረዘም ላለ ሰዓት ካልተዘፈዘፈ ጭማቂው ሲሳሳ ውሃ ውሃ ይላል። ብዙ ትንሽ አጥቢያ ዘቢብን በስእለት ይጠብቃል፤ አንድ ምእመን ሲያመጣ ይሞላል፣ ሳያመጣ ሲቀር ቅዳሜ ማታ «ዘቢብ የለም» ተብሎ ሩጫ ይሆናል። ያለቀው ዕለት ሳይሆን ግማሹ ሲደርስ መጻፍ የዕቃ ቤቱ ሥራ ነው። የተቀበሉትን ዘቢብ በፌስታል እንዳለ መስቀልም አይበጅም፣ ውስጡ ወዝቶ ይሻግታል።

ሌላው የቅዳሜ ሥራ ግጻዌን መክፈት ነው። የዕለቱ ንባባት፣ ምስባኩና የሚቀደሰው ቅዳሴ እዚያ አሉ። ቅዳሴያቱ 14 ናቸው፤ የትኛው እንደሚባል በዓሉና ሰንበቱ ይወስነዋል። ንባቡን ዲያቆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሕዝብ ፊት ቆሞ ከሆነ መንተባተቡ የማይቀር ነው፤ በተለይ የጳውሎስ ረጃጅም ዐረፍተ ነገሮች ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ ካልታወቀ ያስጨንቃሉ። ቅዳሜ ማታ በጧፍ ብርሃን ሁለት ጊዜ ያነበበ ልጅ እሑድ ሌላ ሰው ነው። ምስባኩንም ከመሪጌታው ወይም ከሚያውቅ ካህን ዜማውን ተቀብሎ ማደር አለበት። ሦስት መስመር ነው፣ አጭር ነው፣ ግን ሕዝቡ ተቀብሎ የሚለው እሱ በሰጠው ዜማ ነው፤ እሱ ከሳተ ሁሉም ይስታል።

እሑድ ከቅዳሴ በፊት ክርስትና ሊኖር ይችላል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ ተጠማቂው በዚያው ቅዳሴ ስለሚቆርብ ጥምቀቱ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። ቤተሰብ የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን ሲጠብቅ የሚያረፍደው እዚህ ነው፤ ሰዓቱን «ሌሊት 11» ብሎ መንገር እንጂ «ከቅዳሴ በፊት» ማለት አይጠቅምም። ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት እንደሚያነሣም አስቀድሞ መናገር ነው፤ ሌሊት በር ላይ መከራከር ሰሞነኛውን ያስቸግረዋል።

ከዚያ ኅብስቱ ያለበት መሶበ ወርቅ ከቤተ ልሔም ይወጣል። ቃጭሉ ከፊት፣ ጃንጥላው ከላይ፤ ሕዝቡ ይሰግዳል። አምስተኛው ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ እዚህ ላይ ይታያል። አንዱ ኅብስቱን ይዟል፣ አንዱ ወይኑን፣ ካህናቱ በየቦታቸው ናቸው፤ ቃጭሉን የሚመታውና መብራቱን የሚይዘው ከየት ይመጣል? ከገቡ በኋላ ደግሞ መውጣት የለም። ጻሕሉ (የኅብስቱ ሳሕን)፣ ጽዋው፣ ዕርፈ መስቀሉ (ማንኪያው)፣ ማኅፈዳቱ (መሸፈኛ ጨርቆቹ)፣ ዕጣኑና ፍሙ ሁሉ አስቀድሞ ካልተሟላ ከመቅደስ በምልክት መጥራት ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ፍሙ ነው። ማዕጠንቱ ተዘጋጅቶ፣ ዕጣኑ ተፈጭቶ፣ ፍሙ ግን ዐመድ ሆኖ ይገኛል።

ቅዳሴው ሲያልቅና ስብከቱ ሲፈጸም ብዙው ሰው ይበተናል፤ ሰንበቴ ያለው ወደ ደጀ ሰላሙ ይሄዳል። ተረኛው ዳቦና ጠላ፣ ቆሎ ወይም ንፍሮ ያመጣል፤ ካህኑ ይባርካሉ፣ ለአገልጋዩና ለነዳያን ይሰጣል፣ ማኅበርተኛው ይቋደሳል። ሰንበቴ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በፉክክር ነው። አንዱ ሁለት ዳቦ ካመጣ ቀጣዩ አራት ያመጣል፣ በዓመቱ አቅም የሌለው ተራው ሲደርስ ይጠፋል። ጠንካራ ማኅበራት የሚመጣውን መጠን በደንብ ጽፈው ከዚያ በላይ ማምጣት ይከለክላሉ። ይህ ደግ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም ሰንበቴው ከምግቡ ይልቅ ለወሬው ይጠቅማል። ማን ታመመ፣ ማን ሐዘን ላይ ነው፣ የማን ልጅ ሥራ አጣ የሚለው የሚሰማው እዚያ ነው። ካህኑ ሰኞና ማክሰኞ ማንን እንደሚጠይቁ የሚያውቁት ከዚህ ነው። ሰንበቴው የፈረሰበት አጥቢያ ይህን በስልክ ለመተካት ይሞክራል፤ ስልክ የሌላቸው ሽማግሌዎች ግን ይረሳሉ።

ገንዘቡ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የምትኖረው በመሬቷ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ያ ቀረ፤ አገልጋዩ በምእመኑ እጅ ላይ ወደቀ። መዋቅሩ ግን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በ1965 ዓ.ም.፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ ተቋቁሟል። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ላይ የሚቀመጡበት ነው፤ የአጥቢያው አስተዳዳሪ ይመሩታል። ዛሬ የትንሽ አጥቢያ ደመወዝ፣ ቆርቆሮ ጥገና፣ መብራትና ውሃ ሁሉ የሚወጣው ከመዋጮው፣ ከዐሥራቱ፣ ከስእለቱና ከሙዳየ ምጽዋቱ ነው።

ሙዳየ ምጽዋቱ የሚከፈተው ቁልፍ የያዙት ሁሉ ባሉበት ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን መክፈት መቻል የለበትም፣ የታመነ ቢሆን እንኳ። ደግሞም የታመነውን ሰው የሚጠብቀው ይኸው ደንብ ነው፤ ሐሜት የሚጀምረው ብቻውን ከቆጠረ በኋላ ነው። ብሩ በዓይነት በዓይነቱ ይደረደራል፣ ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ሲገጥም ቃለ ጉባኤ ተጽፎ ሁሉም ይፈርማል፣ በማግሥቱ ባንክ ይገባል። ቆጠራውን «በዓሉ ይለፍና» እያሉ ማዘግየት ጉዳት አለው፤ ሣጥኑ እርጥበት ካገኘው ብሩ ይጣበቃል፣ አይጥ ከገባ ደግሞ ይቆራረጣል። የስእለት ጃንጥላ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ሲበዛ በበዓል ቀን በጨረታ ይሸጣል። ይህን ሲያደርጉ የተሳለው ሰው ስሙና ያመጣው ዕቃ መመዝገቡን ማረጋገጥ ነው፤ ከዓመት በኋላ «ያመጣሁት ምንጣፍ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ጧፍ ሌላ ጣጣ ነው። ምንጣፍ ላይ የፈሰሰ ሰም በቢላ መፋቅ ክሩን ይነቅለዋል። ሲደርቅ የላዩን በእጅ ሰባብሮ አንሥቶ፣ የቀረው ላይ ወረቀት ዘርግቶ በሞቀ ካውያ ቀስ ብሎ መጫን ነው፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ወረቀቱ ይወጣል። ወረቀቱን እየቀየሩ ሦስት አራት ጊዜ መድገም ይበቃል። ካውያው በጣም ከጋለ ምንጣፉ ራሱ ይቀልጣል፣ ዛሬ አብዛኛው ምንጣፍ ፕላስቲክ ነውና።

የሥራ ቀናቱ ጸጥ ያሉ ናቸው። ጠዋት ኪዳን፣ ሲኖር ፍትሐት። ሰው ሲሞት ሰሞነኛው ካለበት ይጠራል፤ ከዚያ ሣልስቱ፣ 40ውና ሙት ዓመቱ ይከተላሉ። ፍትሐት የማይደረግበት ጊዜ ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ለዚህም በሆሣዕና ከቅዳሴ በኋላ ለሁሉም ሰው አስቀድሞ ይፈታል። ስለዚህ የዚያ ዕለት ማንም ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ ይሄዳል ብላችሁ አትጠብቁ።

ወደ ዲያቆናቱ እንመለስ። የዓመቱ አቈጣጠር ለትንሽ አጥቢያ ሁለት ክፉ ወራት አሉት። አንደኛው ሰኔ ነው፤ ፈተና ነው፣ ወላጅ ልጁን ቤተ ክርስቲያን እንዲያድር አይፈቅድም፣ በገጠር ደግሞ እርሻው ደርሷል። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ የደረሳቸው የሚሄዱበት ነው፤ ከሦስት ዲያቆን ሁለቱ በአንድ ሳምንት ሊሄዱ ይችላሉ። ፍልሰታ ግን በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለሚውል፣ በየቀኑ ቅዳሴ እያለ እንኳ የሰው እጥረት አይታይበትም። ዐቢይ ጾም ከባድ ነው፤ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከትምህርት ሰዓት ጋር ይጋጫል። ፈረቃ ባለበት አካባቢ ጠዋት የሚማሩ ልጆችን ለዚህ ማስቀረት ይቻላል፤ ከየካቲት በፊት ማን በየትኛው ፈረቃ እንደሆነ መጻፍ ነው።

አዲስ ዲያቆን ደግሞ በአንድ ዓመት አይገኝም። ልጁ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ለይቶ፣ ንባብ ወጥቶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ የቅዳሴውን ተሰጥኦ (የሕዝቡን ምላሽ) እና የዲያቆኑን ክፍል አጥንቶ፣ ከዚያ ነው ጳጳሱ ዘንድ ቀርቦ የሚሾመው። ዛሬ ብዙ አጥቢያ የኔታን አጥቶ ሰንበት ትምህርት ቤት ብቻ ይዟል። ሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር ያስጠናል፣ ትምህርተ ሃይማኖት ያስተምራል፣ በዓል ያደምቃል፤ ዲያቆን ግን አያወጣም። መዘምራን በዩኒፎርም ተሰልፈው ሠላሳ ሆነው ቅዳሴው በተበደረ ልጅ የሚገባባቸው አጥቢያዎች ያሉት ለዚህ ነው። ሰበካ ጉባኤው ዓመታዊ በጀት ሲያወጣ የድምፅ ማጉያውን ለሌላ ዓመት አቆይቶ ለአንድ መምህር ቀለብና ማደሪያ ቢመድብ፣ ከአምስት እስከ ስምንት ልጅ ይዞ ማታ ማታ የሚያስቆጥር ሰው ያገኛል። ከነዚያ ግማሹ ይተዋሉ፤ ያም ተቆጥሮ ነው ስምንት የሚያዘው።